«ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል»፦ በአንድ የሶፍትዌር ፈቃድ ውስጥ የገባች ዓረፍተ ነገር ያስከተለችው ጣጣ

ጉዳዩን እንድመዘግብ ያነሣሣኝ

ለአንድ ደንበኛ የሠራነውን ሲስተም ልናስረክብ ስንዘጋጅ ደንበኛው አንድ ተጨማሪ ሰነድ ጠየቀን፦ በሲስተሙ ውስጥ የገቡ የሌሎች ሰዎች ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚገኙ የኮድ ስብስቦች) ዝርዝር፣ ከየፈቃዳቸው ጋር። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የፈቃድ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሠንጠረዥ መሙላት ጀመርኩ። አብዛኞቹ ቃል በቃል ተመሳሳይ ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ ይሄድልኝ ነበር። ጄሰን የተባለውን የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ ለማንበብ የምንጠቀምባት አነስተኛ የጃቫ ላይብረሪ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ጽሑፉ የታወቀው የኤምአይቲ ፈቃድ ነው፤ ከመካከሉ ግን ራሷን ችላ አንቀጽ የሆነች አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። በአማርኛ «ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል» እንደማለት ነው።

የሠንጠረዡ አራተኛ ዓምድ «የአጠቃቀም ገደብ አለው?» ይላል። «የለውም» ብዬ ብጽፍ እውነት አይሆንም። «አለው» ብል ደግሞ «ገደቡ ምንድን ነው?» መባሌ አይቀርም፤ ለዚያ የምሰጠው መልስ የለኝም። ደንበኛችን ነገ ሲስተሙን ለምን እንደሚያውለው እኔ በምን አውቃለሁ? ቢያውለውስ በጎና ክፉውን የሚለየው ማን ነው?

መልሱን ስፈልግ ይህችው ዓረፍተ ነገር ከእኔ በፊት ትልልቅ ድርጅቶችን ለሃያ ዓመት ያህል ስታስቸግር እንደኖረች አወቅኩ። ሶፍትዌር ለሚያካፍል ሁሉ፣ በተለይ በአማርኛ ፊደሎች (ፎንቶች)፣ መዝገበ ቃላትና የቁልፍ ሰሌዳዎች ላይ እየሠሩ ውጤታቸውን በነፃ ለሚለቁ ወገኖች ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ጉዳዩን እንደሚከተለው አስፍሬዋለሁ። የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ ፕሮጀክቶቹና ድርጅቶቹ በይፋ የሚታወቁ ስለሆኑ በስማቸው ጠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ጄሰን መረጃ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ የሚተላለፍበት የአጻጻፍ ቅርጽ ነው። የባንክ መተግበሪያ ሲከፈት ቀሪ ሂሳቡ ከሰርቨር ወደ ስልክ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅርጽ ተጽፎ ነው። ቅርጹን ያስተዋወቀው አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከገለጻው ጋር የሚሠራ ኮድም አብሮ ለቀቀ፤ የጃቫ ላይብረሪውና በሲ የተጻፈው የጄሰን ማረጋገጫ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚህ ሌላ የጃቫስክሪፕት ስሕተት የሚለቅመውን ጄኤስሊንትንና የጃቫስክሪፕት ፋይል የሚያሳንሰውን ጄኤስሚንን ለሕዝብ አበርክቷል። አንድም ሳንቲም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላጥራ። ጄሰን የተባለው ቅርጽ በዚህ ፈቃድ ሥር ሆኖ አያውቅም። ቅርጹ በ2006 በኢንተርኔት ስታንዳርድ አውጪዎች ሰነድ፣ በ2013 ደግሞ በኤክማ ስታንዳርድ ቁጥር 404 ሆኖ ታትሟል፤ ማንም ሰው አንብቦ የራሱን ኮድ መጻፍ ይችላል። ፈቃዱ የሚመለከተው ፕሮግራመሩ በእጁ የጻፈውን ኮድ ብቻ ነው። ይህንን ካልለየን ወደ ኋላ የሚመጡት መፍትሔዎች አይገቡንም።

ፕሮግራመሩ የመረጠው የኤምአይቲን ፈቃድ ነበር። በእንግሊዝኛ ሁለት መቶ ቃል እንኳ የማይሞላ ይህ ጽሑፍ የሚለው ሦስት ነገር ነው። ኮዱን ተጠቀምበት፣ ቅዳው፣ ለውጠው፣ ሽጠው። የባለመብቱን ስምና ይህንን ጽሑፍ ከቅጂው አትለይ። ቢበላሽ እኔን አትጠይቀኝ። በቃ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው ያቺን ዓረፍተ ነገር የጨመረው። በፋይሉ ላይ ያለው የባለመብትነት ዓመት 2002 ነው። ጊዜው ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት «ክፉ አድራጊዎችን» እናድናለን ይል የነበረበት ወቅት ነው፤ ፕሮግራመሩም በዚያ መንፈስ የበኩሉን ለማድረግ እንደጨመራት በአንድ ንግግሩ ላይ ተናግሯል።

የለፋበትን በነፃ የሰጠ ሰው ስጦታው ለክፋት እንዳይውል ቢመኝ የሚያስወቅሰው አይደለም። እኔም ብሆን እመኛለሁ። ጣጣው የመጣው ምኞቱ የተጻፈበት ቦታ የሕግ ሰነድ ስለሆነ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ምን ጎደላት?

የመጀመሪያው ጉድለት ለአማርኛ አንባቢ አይታይም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውምና። በእንግሊዝኛው «በጎ» እና «ክፉ» የሚሉት ቃላት በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። በእንግሊዝኛ ውል ላይ እንዲህ የተጻፈ ቃል «ትርጉሙን ከትርጓሜ ክፍሉ ፈልግ» የሚል ምልክት ነው። ጠበቃው ይፈልጋል፤ በዚህ ፈቃድ ውስጥ ግን ትርጓሜ የሚባል ክፍል የለም። ቃሉ ትርጉም እንዳለው ሰው ተቀምጧል፣ ትርጉሙ ግን የትም አልተጻፈም።

ሁለተኛው፣ መለኪያ የለም። የቢራ ፋብሪካ ኮዱን ለክምችት መቆጣጠሪያው ቢጠቀምበት ለአንዱ የብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ ለሌላው ኃጢአት ነው። የስፖርት ውርርድ ቤቶች፣ የጦር ኃይል፣ የቄራ ድርጅትም እንዲሁ። ሁሉም ለራሱ በጎ ሠሪ ነው። ክርክር ቢነሣ የሚፈርደው ፕሮግራመሩ ነው? ዳኛ ነው? በየትኛው አገር ሕግ? ፈቃዱ አይናገርም።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። በነፃ የሚለቀቅ ሶፍትዌር ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው፤ እኔ ለደንበኛዬ እሰጣለሁ፣ እሱ ለቅርንጫፉ ይሰጣል። ስለዚህ ዴቢያን የተባለውን በነፃ የሚሰራጭ የሊኑክስ ሥርዓት የሚያዘጋጀው ማኅበረሰብ በ1997 ያወጣው መመሪያ፣ እሱን ተከትሎም በ1998 የወጣው የክፍት ምንጭ (ማንም ኮዱን አይቶ ሊጠቀምበት፣ ሊለውጠውና ሊያሰራጨው የሚችል ሶፍትዌር) ትርጓሜ፣ በስድስተኛው አንቀጻቸው ፈቃዱ በሥራ ዘርፍ መለየት የለበትም ይላሉ። የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም ከሚዘረዝራቸው ነፃነቶች የመጀመሪያው ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማስኬድ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከሦስቱም ጋር ተጋጨች። ፋውንዴሽኑ ፈቃዱን ነፃ ካልሆኑት ተርታ ሲመድበው፣ ዓረፍተ ነገሯ በፍርድ ቤት ተፈጻሚ ላትሆን ትችል ይሆናል፤ ይህንን ግን አስቀድመን እርግጠኛ ልንሆን አንችልም የሚል ምክንያት ሰጥቷል።

«ቀልድ እኮ ናት፣ ምን ታካብዳላችሁ?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እኔ አልስማማም። ክፋት ያሰበ ሰው የፈቃድ ፋይል ከፍቶ አያነብም፤ ቢያነብም አይታቀብም። የሚያነበው፣ የሚጨነቀው፣ ጠበቃ የሚያማክረው ጨዋው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ሥራው የተስተጓጎለው ሕግ አክባሪ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ፦ ለአንዱ ሠራ፣ ለሌላው አልሠራም

መጀመሪያ የሚታሰበው መፍትሔ ባለመብቱን መጠየቅ ነው። ፕሮግራመሩ ራሱ እንደተናገረው ከአንድ ትልቅ የኮምፒዩተር ኩባንያ ጠበቃ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ይዘቱ ኩባንያው ኮዱን ለክፉ ሊጠቀምበት አያስብም፤ ስለ ደንበኞቹ ግን ማረጋገጫ መስጠት አይችልም የሚል ነው። ፕሮግራመሩም ለኩባንያው፣ ለደንበኞቹና ለአጋሮቹ ቢፈልጉ ለክፉም እንዲጠቀሙበት ፈቀደላቸው። ጉዳዩ ለዚያ ኩባንያ ተዘጋ።

ለሌሎቹ ግን መንገዱ ዝግ ነበር። ዴቢያንን እንውሰድ። ባለመብቱ «ለዴቢያን ፈቅጃለሁ» ብሎ ቢጽፍላቸው እንኳ አይረዳቸውም፤ የመመሪያቸው ስምንተኛ አንቀጽ መብቱ ለዴቢያን ብቻ የተሰጠ ሊሆን አይችልም ይላል። ከዴቢያን የቀዳ ሰው ሁሉ ያንኑ መብት ማግኘት አለበት። ለአንድ ሰው በግል የተሰጠ ፈቃድ እንደ ቤት ኪራይ ስምምነት ነው፤ ተከራዩ ሲወጣ አብሮ ያልቃል።

ቦታ መቀየር

በ2009 የጄኤስሚንን ቅጂ ፒኤችፒ በተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ያዘጋጀው ሰው ኮዱን ያስቀመጠው ጉግል ኮድ በተባለው የኮድ ማከማቻ ላይ ነበር። ጉግል በአገልግሎቱ የሚያስተናግደው ክፍት ምንጭ የሆኑ ሥራዎችን ብቻ መሆኑንና ይህ ፈቃድ እንደማያሟላ ገለጸለት። ሰውየው ፕሮጀክቱን ወደ ጊትሃብ አዛወረው። ማከማቻው ተቀየረ እንጂ ፈቃዱ ንክች አላለም፤ ኮዱን ወደ ራሱ ሥራ ያስገባ ሁሉ ጥያቄዋን ይዟት ቀጠለ።

የጄኤስሊንት ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በ2011 የጄኤስሊንት ጥብቅነት ያልተመቻቸው ሰዎች ኮዱን ቀድተው የራሳቸውን ቅርንጫፍ በመክፈት (ፎርክ በማድረግ) ጄኤስሂንትን ጀመሩ። አዲስ የጻፏቸውን ፋይሎች በንጹሑ የኤምአይቲ ፈቃድ ለቀቁ፤ ከጄኤስሊንት የወረሱት ዋናው ፋይል ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደያዘ ቀረ። ፎርክ ሲደረግ ፈቃዱም አብሮ ይወረሳል። አንዲት ፋይል ሙሉውን ፕሮጀክት ከነፃ ሶፍትዌር ጎራ አስወጥታ አቆየችው። ሁሉም ፋይል በኤምአይቲ ፈቃድ ሥር የሆነው በ2020 በወጣው ቅጂ 2.12.0 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው።

እንደ አዲስ መጻፍ

ቅርጹ የማንም ስላልሆነ ኮዱን ከዜሮ መጻፍ ይቻላል። እስከ መጨረሻው ያስኬደው ይህ መንገድ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው።

የአንድሮይድ ሰዎች የጃቫ ላይብረሪውን ስሞችና ጥሪዎች (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን አጠራር) እንዳሉ ትተው ውስጡን ራሳቸው ጻፉት። የአንድሮይድን ኮድ ከፍቶ ያየ ሰው በነዚያ ፋይሎች አናት ላይ የምትገኘውን የአንድ መስመር ማስታወሻ ያውቃታል፦ ይህ ክፍል የተጻፈው ነፃ ያልሆነውን ኮድ ሳይመለከቱ ነው ትላለች። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የረባው ሰነድ ይህ መስመር ነው። ነገ «ከእኔ ቀድታችኋል» የሚል ክስ ቢመጣ መልሱ ቀድሞ፣ በቦታው፣ ለማንም በሚገባ ቃል ተቀምጧል። እንደዚህ ዓይነት ሥራ የሚጀምር ሰው ማስታወሻውን በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ፤ ከዓመት በኋላ ማን ምን አይቶ እንደነበር ማረጋገጥ አይቻልም።

የፒኤችፒ መንገድ ረጅም ነበር። ፒኤችፒ ከቅጂ 5.2 ጀምሮ ጄሰንን የሚያነበው ከዚያው ፕሮግራመር የሲ ኮድ በተወሰደ ክፍል ነበር። በ2012 አንድ ተጠቃሚ ጉዳዩን እንደ ስሕተት አስመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት ዴቢያንና እንደ እሱ ያለው ፌዶራ ያንን ክፍል አውጥተው በሌላ ተኩት። ይህ ማለት በአንድ ወቅት «ፒኤችፒ» የሚለው ስም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከምንጩ ያወረደ ሰውና ከዴቢያን የጫነ ሰው ጄሰን የሚያነቡት በተለያየ ኮድ ነበር። በ2015 መጨረሻ የወጣው ፒኤችፒ 7 ጄሰንድ የተባለውን ከዜሮ የተጻፈ ክፍል ሲያስገባ ነገሩ እልባት አገኘ።

እልባቱም ቢሆን ያለ ጠባሳ አልመጣም። አዲሱ ኮድ ስታንዳርዱን ጠበቅ አድርጎ ይከተላል። አሮጌው «34.» ብሎ በነጥብ የሚያልቅ ቁጥርን ተቀብሎ ያልፍ ነበር፤ አዲሱ «34» ወይም «34.0» ካልሆነ አይቀበልም። ባዶ ጽሑፍም ትክክለኛ ጄሰን መሆኑ ቀረ። እስቲ አስቡት፦ የአንድ ድርጅት የክፍያ ገጽ ከዓመታት በኋላ በድንገት «34.»ን አላነብም ሲል፣ የዚያ ስሕተት ሥር በ2002 በፈቃድ ፋይል ውስጥ የተጻፈች የሥነ ምግባር ዓረፍተ ነገር መሆኗ የየትኛው ፕሮግራመር አእምሮ ላይ ይመጣል?

ቀን ቆርጦ መዝጋት

በርካታ ክፍት ምንጭ ሥራዎችን የሚያስተዳድረው አፓቺ ፋውንዴሽን የሌሎችን ፈቃዶች በየምድቡ ይዘረዝራል፤ ኤክስ የተባለው ምድብ ውስጥ የገባ ፈቃድ ያለው ኮድ በአፓቺ ሥራዎች ውስጥ መካተት አይችልም። ይህንን ፈቃድ ለዓመታት ሲፈቅድ ቆይቶ በኅዳር 2016 ወደ ኤክስ ምድብ አዛወረው። ላይብረሪዋ በብዙ ፕሮጀክቶቻቸው ውስጥ ስለነበረች ውሳኔው ድንጋጤ ፈጥሯል።

አፈጻጸሙን ግን ወድጄዋለሁ። አዲስ ፕሮጀክት ከዚያን ዕለት ጀምሮ አይጠቀምባት አሉ። ቀድሞ የገባችበት ፕሮጀክት ግን እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ድረስ እንዲያወጣት ጊዜ ተሰጠው። ምን መደረግ እንዳለበት፣ በማን፣ እስከ መቼ፤ ሦስቱም ተጽፈዋል። ጊዜውም ባዶ ጊዜ አልሆነም፤ አንድ ሰው የአንድሮይድን ኮድ መነሻ አድርጎ በአፓቺ ፈቃድ ሥር የሆነ ምትክ ላይብረሪ አዘጋጀ። ጥሪዎቹ ያው ስለነበሩ ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን ሳይነኩ መቀየር ችለዋል። ከአንድሮይድ ሰዎች የንጽህና ማስታወሻ ውጭ ይህ ባልተቻለ ነበር።

ባለመብቱ ሲለውጠው

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ የጃቫ ላይብረሪዋ ፈቃድ ተለወጠ። የዚህች ላይብረሪ የቅጂ ቁጥር የወጣችበት ቀን ራሱ ነው፤ 20220924 በሚለው ቅጂ የፈቃድ ፋይሉ ተቀይሮ «የሕዝብ ሀብት» የሚል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የክፋትና የበጎነት ጥያቄ የለም።

ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። «የሕዝብ ሀብት ነው» ማለት በሁሉም አገር ሕግ እኩል አይሠራም፤ በጀርመን ለምሳሌ አንድ ሰው የደራሲነት መብቱን ራሱን አንሥቶ መጣል አይችልም። በ2009 የወጣው ሲሲ ዜሮ የተባለው ሰነድ ይህንን አስቦ ነው የተጻፈው፦ መብቴን ትቻለሁ ይልና፣ መተው በማይቻልበት አገር ደግሞ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ለሁሉም ፈቅጃለሁ ብሎ ይጨምራል። ኤስኪውላይት የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የሕዝብ ሀብት ነው፤ ቢሆንም «ወረቀት ካልያዝን አናምንም» ለሚሉ ድርጅቶች አዘጋጆቹ የፈቃድ ሰነድ በገንዘብ ይሸጣሉ። ነፃ ለሆነ ነገር ለወረቀቱ የሚከፍል ድርጅት መኖሩ ግልጽ ቃል ምን ያህል እንደሚፈለግ ያሳያል።

ወደ እኛ ስናመጣው

የአማርኛ ተናጋሪው ሶፍትዌር አካፋይ ችግር በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። የተጨመረ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ፈቃዱ ጭራሽ የለም። የቃላት ዝርዝር፣ የዘመን መቁጠሪያ ማስሊያ፣ የፊደል ፋይል ይለቀቅና ከሥሩ «ለሁሉም በነፃ» ይባላል። ከዚህ ውጭ የተጻፈ ነገር አይገኝም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ያለ ዋጋ» እና «ነፃነት ያለው» የሚሉትን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ይምታታባቸዋል። እኛ በአንዲት «በ» እንለያቸዋለን፦ «በነፃ» ስንል ያለ ክፍያ ማለታችን ነው፤ «ነፃ» ስንል ያልታሰረ ማለታችን ነው። ስለዚህ «በነፃ» ተብሎ የተሰጠ የቃላት ዝርዝር ልከፍልበት እንደማይገባኝ ነግሮኛል። አሻሽዬ ማሰራጨት እችል እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሕጉም ዝምታውን በእኔ ላይ ይተረጉመዋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፣ ጥበቃውም ሥራው ከተሠራ ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ የሚገኝ ነው። ባለመብቱ ካልፈቀደ አልተፈቀደም ማለት ነው። ባለመብቱ ወደ ውጭ ሄዶ ኢሜይሉን ቢቀይር ወይም በሕይወት ባይኖር የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ ሥራው እዚያው ይሞታል። እንደዚህ የሞቱ ጥሩ ጥሩ የአማርኛ ሥራዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ገደብ ማድረግ የሚፈልግ ሰውስ? ይችላል። ገደቡ የሚለካ ይሁን። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት የግእዝ ፊደሎች የተለቀቁበትን የኤስአይኤል ክፍት የፊደል ፈቃድ እንመልከት። ፊደሉን ብቻውን አትሽጥ ይላል፤ ለውጠህ ስታሰራጭም ባለቤቱ ያስከበረውን ስም አትጠቀም ይላል። ሁለቱም ገደብ ናቸው። ግን ፊደሉን ብቻውን እየሸጥኩ መሆን አለመሆኔን ማንንም ሳልጠይቅ አውቃለሁ። የነፃ ሶፍትዌር ሰዎችም የክፍት ምንጭ ሰዎችም ይህንን ፈቃድ ተቀብለውታል። ከ«ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል» የሚለየው ይኸው ነው።

የሥነ ምግባር ገደብ የሚፈልጉም መንገድ እየሞከሩ ነው። በ2019 የወጣው የሂፖክራቲክ ፈቃድ «ክፉ» የሚለውን ቃል ብቻውን አልተወውም፤ የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን መለኪያ አደረገ። በክፍት ምንጭ ትርጓሜ አሁንም አያልፍም፤ ምን እንደተከለከለ ግን አንባቢው የሚያመሳክርበት ሰነድ አለው።

ከዚህ ሌላ የምመክረው ጥቂት ነው። የታወቀ ፈቃድ ምረጡ፣ ጽሑፉንም አትንኩት። በታወቀ ፈቃድ ላይ አንዲት ቃል የጨመረ ሰው አዲስ ፈቃድ ጽፏል፤ የሌላው ጠበቃ ሁሉ ከመጀመሪያ ጀምሮ ሊያነበው ነው። ፋይሉን ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡት እንጂ በቴሌግራም መልእክት ብቻ አትናገሩት። ከሌላ ሰው የወሰዳችሁት ክፍል ካለ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። አስተዋጽኦ የሚያደርጉ ሰዎች ከመብዛታቸው በፊት ይህንን ጨርሱ፤ ሦስት ሰው ማስፈረም ቀላል ነው፣ ሦስት መቶ ሰው ፈልጎ ማግኘት ግን ዓመታት ይወስዳል።

የእኛው ሠንጠረዥ

በሲስተማችን ውስጥ የነበረው ቅጂ 20180813 ነበር። ባለመብቱ በ2022 ፈቃዱን መለወጡ እኛ ጋ ያለውን ፋይል አልለወጠውም፤ ደንበኛው ማኅደሩን ቢከፍት የሚያገኘው ያንኑ የድሮውን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ወደ አዲሱ ቅጂ አሳደግነው፣ ፈተናዎቹን ሁሉ በድጋሚ አስኬድን፣ በአራተኛው ዓምድ «የለውም» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት የራሴን ማኅደር ከፈትኩ። ከዓመታት በፊት የለቀቅኩት የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ወደ አውሮፓውያን የሚለውጥ ትንሽ ኮድ አለኝ፤ ፈቃድ በሚባለው ቦታ «ለሀገሬ ልጆች በሙሉ በነፃ» ብዬ ነበር። ዜግነቷን የቀየረች የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ልጅ የሀገሬ ልጅ ናት? በልቤ አዎን ናት። በፋይሉ ላይ ግን አልተጻፈም። ያንን መስመር ከፈቃዱ ቦታ አንሥቼ የመግቢያው ጽሑፍ አናት ላይ እንደ መታሰቢያ አኖርኩት። በፈቃዱ ፋይል ውስጥ የኤምአይቲን ጽሑፍ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ስሜንና ዓመቱን ብቻ ሞልቼ አስገባሁት።